መምህር የሚያርፈው በክረምት ነው፦ ስለ ባሌ ተራሮች ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣
ለቱሪዝም ሚኒስቴር፣
እንዲሁም የክረምት ዕረፍቱን የት እንደሚያሳልፍ ገና ላልወሰነ ሰው ሁሉ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

መምህርት ነኝ። የማስተምረው አዲስ አበባ ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ጠመኔ ይዤ እውላለሁ፤ ዕረፍቴ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ አገሬን የማየው በዝናብ ነው። ሌላ ጊዜ የለኝም።

ባለፈው ክረምት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። አምስት ቀን ቆየን፣ አብዛኛውን በእግር ተጓዝን። ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የወሰንኩት።

ልመናዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ክረምቱን የአገር ውስጥ የእግር ተጓዥ ወቅት አድርጉልን። ይህን ስታደርጉ ደግሞ የተራራውን ፀጥታ፣ ዝምታውን ማለቴ ነው፣ ጠብቁልን። ሁለቱ ነገሮች የሚጣሉ ሊመስላችሁ ይችላል። አይጣሉም። እንዴት እንደማይጣሉ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ።

ጉዞውን ሳስብ መጀመሪያ ያደረግኩት ስልክ መደወል ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አስጎብኚ ድርጅት "በክረምት ወደ ተራራ ሰው አንልክም፣ በጥቅምት ይምጡ" አለኝ። በጥቅምት እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። ተማሪዎቼም ክፍል ውስጥ ናቸው። የተማሪዎቼ ወላጆችም ልጆቻቸውን ትተው የትም አይሄዱም። ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ልጆቹን ይዞ የሚመጣው ዘመዳችንም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሐምሌ ነው፤ የእነሱም ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። እንግዲህ "ወቅቱ አይደለም" የሚባለው ለማን ነው? ለውጭ አገር ጎብኚ ልክ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ያለን ወቅት ይኸው ነው።

ይህ አመለካከት ከየት እንደመጣ የምገምተው አለኝ። አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የአገራችንን ቱሪዝም ሲጀምሩ ኢትዮጵያን ለዓለም ያስተዋወቁት "የ13 ወር ፀሐይ" ብለው ነበር። እኛ በአማርኛ "የ13 ወር ጸጋ" አልነው። ድንቅ አባባል ነው፣ ለብዙ ዓመታት አገሪቱን አስጠርቷል። ብርድ ያስመረረው አውሮፓዊ የሚፈልገው ፀሐይ ነውና ፀሐይ ቀረበለት። ዝናቡ ግን በዚያው ተረሳ። ፖስተሩ ላይ ክረምት የለም። ቀስ በቀስ እኛም ክረምትን ቤት ተቀምጠው በቆሎ እየጠበሱ የሚያሳልፉት ጊዜ ብቻ አድርገን ቆጠርነው። የበቆሎ ጥብሱን እወደዋለሁ፣ አልጠላም። ግን ከዚያ ሌላም አለ።

ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ሄድን። ከኮፈሌ ወዲያ ገብሱና ስንዴው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶት ነበር። በጋ ላይ ይህንኑ መንገድ ያየው ባልደረባችን ሌላ አገር የገባ መስሎት ነበር። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ትንሽ ከተማ ናት፣ ከፍታዋ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ስንደርስ ካፊያ ነበር። የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ከእኛ ሌላ እንግዳ እንደሌለ ነገሩን። በ2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ፓርክ ውስጥ ሦስት እንግዳ ብቻ! የሰማሁት ነገር ቶሎ አልገባኝም ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋይሳይ ሜዳ ወረድን። ሣሩ ለምለም ነው። የደጋ አጋዘኖቹ እንደ ከብት ተሰብስበው ይግጣሉ። ይህን እንስሳ የማያውቀው የለም፤ አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው እሱ ነው። ልጅ ሆኜ ከረሜላ የገዛሁበትን ሳንቲም ጀርባ በሕይወት ቆሞ ሣር ሲበላ ማየት ልቤን ነካኝ። ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ወንዱ ቀንዱን ጠምዝዞ ቀና ብሎ አየንና እንደገና አጎነበሰ። ሊሸሽ እንኳ አላሰበም። ከርከሮዎቹም ከፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ጭቃውን ይቆፍሩ ነበር።

በማግሥቱ ጓዛችንን ፈረስ ላይ ጭነን ወደ ወይብ ሸለቆ ወጣን። አብሮን አንድ አስጎብኚና አንድ ባለፈረስ ነበሩ፤ ሁለቱም የዲንሾ ሰዎች ናቸው። ክረምት ላይ ሰማዩ የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ብዙውን ጊዜ ብራ ነው። ከ7 ሰዓት በኋላ ደመናው ይከመራል፣ ከዚያ ይወርዳል። ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ተነስተን እንጓዛለን፣ ከሰዓት ድንኳን ውስጥ ነን። ይህን ያወቀ ሰው በክረምት መጓዝ አይከብደውም። ከዝናቡ ጋር እልህ መጋባት ብቻ ነው የማይቻለው።

ስለ ሸለቆው ምን ልበል። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ጉሙ ውስጥ ሰው መስሎ ቆሟል። ጅረቱ ሁሉ ሞልቶ ይጮኻል፣ ግን ያ ጩኸት ፀጥታውን አይነካውም። መኪና የለም። ሙዚቃ የለም። ስልክ አይሠራም። ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ሦስታችንም ማውራት አቆምን፤ ተጣልተን አይደለም፣ የሚወራ ነገር ስላልነበረ ነው። እኔ በዓመት አሥር ወር ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው የምናገረው። ድምፄ ያረፈው ያን ቀን ይመስለኛል።

ቀይ ቀበሮዋን ያየናት ሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። አስጎብኚያችን በእጁ ምልክት ሰጠን፣ ቆምን። ከጉሙ ውስጥ ብቻዋን ወጣች። መሬቱ ላይ ካለ አንድ ጉድጓድ አጠገብ ሄዳ ቀጥ ብላ ቆመች። ጆሮዋን አቀናች። ሩብ ሰዓት ያህል አልተነቃነቀችም። እኛም አልተነቃነቅንም። ከዚያ በአንድ ዝላይ ጉድጓዱ ላይ ወደቀችና ባሌ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል ይዛ ተነሳች። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ያለው እዚህ ተራራ ላይ ነው። በቤተሰብ ይኖራሉ፣ ለአደን ግን ለየብቻ ይሰማራሉ። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ ለተማሪዎቼ አስተምሬ አውቃለሁ። ቆሜ ሳየው ግን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ገባኝ። አንድ ሰው ቢጮህ፣ አንድ መኪና ቢያልፍ፣ ቁርሷ ቀርቶባት ነበር።

ስለ ፍልፈሉ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ዝናቡ ሲበረታብን አስጎብኚያችን ፊንጫ ሀበራ አካባቢ የጥንት ሰው ታሪክ አጥኚዎች ስለቆፈሩት አንድ የአለት ጥላ፣ ዋሻ መሳይ መጠለያ፣ አወራን። ከተመለስኩ በኋላ ፈልጌ አነበብኩ። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚለው ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን እዚያ ኖረዋል። ቦታው 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ከፍታ ሰው እንደኖረ ከሚያሳዩት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ያኔ የተራራው አናት በግግር በረዶ የተሸፈነ ነበር። ሰዎቹ ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ለመሣሪያ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ እያመጡ ይጠርቡ ነበር። ዋናው ምግባቸው ይኸው ትልቁ ፍልፈል ነው፣ ጠብሰው ይበሉት ነበር። እንግዲህ ባሌ ላይ ከብርድና ከዝናብ ተጠልሎ እሳት መሞቅ በእኛ የተጀመረ አይደለም። የታሪክ መምህራን ይህን ይዘው ልጆች ፊት ቢቆሙ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሰው ስለ ብርዱ ይጠይቀኛል። አዎ፣ ይበርዳል። ግን አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ሳነቲ አምባ ላይ ሌሊቱ የሚከፋው በበጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል የቀኑ ሙቀት ሁሉ ይበናል፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። እርጥቡ ነው የሚያስቸግረው። የእኔ ስሊፒንግ ባግ በሁለተኛው ሌሊት ራሰ፣ ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። ባለፈረሱ አባት ከጋቢያቸው ሥር ጭኮ አውጥተው "እንቺ ልጄ፣ ይህ ያሞቃል" አሉኝ። የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። እውነትም አሞቀኝ።

ከሳቸውና ከአስጎብኚያችን ጋር ማታ ማታ ብዙ አወራን። ከጥቅምት እስከ ጥር ሥራ አለ፣ ተራ ይጠበቃል። ክረምት ሲገባ ይቆማል። ፈረሱ ይበላል፣ ሥራ ግን የለውም። ወጣቶቹ ወደ ሮቤ ወይም ወደ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ። ከሄዱት መካከል የማይመለሱ አሉ። ተራራውን በየድንጋዩ የሚያውቅ ልጅ ከተማ ገብቶ ሲሚንቶ ሲሸከም ፓርኩ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ በሳምንት ሦስት አራት ትንንሽ ቡድን ቢመጣ ያ ልጅ አይሄድም ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልመለስ።

መጀመሪያ ወሬውን ንገሩን። ፓርኩ በክረምት እንደማይዘጋ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እኔ ራሴ ዲንሾ በር እስክደርስ እርግጠኛ አልነበርኩም። በየሳምንቱ ሰኞ አንድ አጭር መልእክት በቴሌግራም ቢወጣ ይበቃል፦ የሳነቲ መንገድ እንዴት ነው፣ የትኛው ወንዝ ሞልቷል፣ የትኛው ካምፕ ረግረግ ሆኗል። ይህ ገንዘብ አይፈልግም። ዲንሾ ያለ ስካውት ጠዋት ወጥቶ የሚያየው ነው።

ቀጥሎ ጣሪያ። ትልልቅ ሎጅ ለሚፈልግ ሎጅ ይሠራ፣ አልቃወምም። እኔ የምለው ግን ሶዶታን በመሰለ የድንኳን ማረፊያ ላይ አራት ምሰሶና ቆርቆሮ ያለው፣ ከነፋሱ በኩል ግድግዳ የተሠራለት መጠለያ ነው። እርጥብ ልብስ የሚሰቀልበት ገመድ። ሻይ የሚፈላበት ቡታጋዝ። ቡታጋዙን አደራ። ተጓዥ ሲበርደው ለማገዶ የሚመለከተው አስታ የሚባለውን የተራራ ዛፍ ነው። አስታ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፣ አንድ ማታ ግን ያልቃል። እሳቱም በበጋ ሲያመልጥ ምን እንደሚያደርግ በ1992 ዓ.ም. በባሌ በተነሳው ቃጠሎ አይተናል። እንግዳ ሁሉ ከዲንሾ ጋዝ ተከራይቶ ይውጣ፣ እንጨት መልቀም ክልክል ይሁን።

ሬንኮትና ቦት ጫማም እንዲሁ። ከእኛ መካከል ጥሩ ጫማ የነበራት አንዷ ብቻ ናት፤ ወንድሟ ከውጭ ያመጣላት ነው። አንድ መምህር በዓመት ለአምስት ቀን ብሎ ያን ሁሉ ዕቃ ገዝቶ አይዘልቀውም። የዲንሾ ወጣቶች ማኅበር ሃያ ጥንድ ቦት፣ ሃያ ሬንኮት፣ ጥቂት ደህና ድንኳን ይዞ ቢያከራይ ለእነሱም ገቢ ነው፣ ለእኛም መንገድ ይከፈትልናል። መነሻ ዕቃውን ብቻ የሚሰጥ አካል ያስፈልጋል። ይህን ሚኒስቴሩ ማድረግ የሚችል ይመስለኛል።

አሁን ስለ ፀጥታው። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያመነታሁት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ከጠራሁ የወደድኩት ነገር ይጠፋ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ስሙን በማልናገረው ሌላ ፓርክ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ስፒከር ይዞ መጥቶ ሲጨፍር አይቻለሁ። ዝንጀሮዎቹ ገደሉን ይዘው ጠፉ። እኛም ጠፋን። ጭፈራን አልጠላም፣ ቦታው ግን እዚያ አይደለም።

ስለዚህ ቁጥር ይወሰን። በአንድ ካምፕ በአንድ ሌሊት ከሁለት ቡድን አይብለጥ፣ በአንድ ቡድን ከስድስት ሰው አይብለጥ። ስፒከርና ድሮን በሩ ላይ ይቅር። ይህ ሲሆን ነው ሁለቱ ልመናዎቼ የሚገናኙት። ሰው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከሚከማች በዓመቱ ላይ ቢበተን ለእንስሳቱም ይቀላል። ቀይ ቀበሮ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። እኛ "ዋናው ወቅት" ብለን መኪና የምናሰልፍባቸው ወራት ለእሷ ግልገል የምታሳድግባቸው ወራት ናቸው። ግማሹ ሰው በክረምት ሄዶ ቢሆን ኖሮ ያኔ ትንሽ እፎይ ትል ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ተደስተናል። ያ ምዝገባ ብዙ እንግዳ ያመጣል፣ ይምጣም። እንግዲህ ደንቡን አሁን፣ ሰው ሳይበዛ ማውጣት ይቀላል። ከበዛ በኋላ ማን ይሰማል?

የቀረውን ለመሰሎቼ ልበል፣ ለመምህሩ፣ ለተማሪው፣ ለወላጁ።

ሂዱ። ግን ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ፣ ሰውነታችሁ ከፍታውን ይልመድ። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ መኖር ይረዳል እንጂ አያስተማምንም። ራስ ምታቱ ከበረታ ወደ ታች መውረድ ነው፣ ሌላ ብልሃት የለም። ልብሳችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ አንድ ሙሉ ቅያሪ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። ነጎድጓድ ሲጀምር ክፍት አምባ ላይ አትቆሙ። ወንዝ ከሞላ ጠብቁ፣ አስጎብኚው አይሆንም ካለ አይሆንም። ቆሎና በሶ ያዙ። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቀይ ቀበሮዎቹን በጅምላ የጨረሰው ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሳነቲን በመኪና የምታቋርጡ ደግሞ ቀስ በሉ፣ መንገዱ ላይ ተገጭተው የሞቱ አሉ።

"ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" የሚለውንም ባሌ ላይ አትመኑት። እዚያ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል።

እኛ በመጨረሻው ቀን ሳነቲን አቋርጠን ወደ ሀረና ጫካ ወረድን። አምባው ላይ አሥር እርምጃ እንኳ አይታይም ነበር። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ጉሙ ተከፈተና እርጥብ ጫካ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ሪራ ላይ አንዲት እናት ከዚያው ጫካ የተለቀመ ቡና አፈሉልን። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ያ ውሃ ግማሹ በወይብ በኩል ሶፍ ዑመር ዋሻን አልፎ ይሄዳል፣ ግማሹ ገናሌን ይዞ እስከ ሶማሊያ ይወርዳል። እኛ "መጥፎ አየር" እያልን የምናማርረው ዝናብ ለስንት ሚሊዮን ሰው የመጠጥ ውሃ ነው። እኔም ቡናዬን ይዤ ስሰማው ቆየሁ።

በመጪው ነሐሴ እንደገና እሄዳለሁ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ። በዚህ ጊዜ ስምንት መምህራን ሆነናል፣ በሁለት ቡድን ተከፍለን። መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። መጠለያው ባይደርስ እንኳ የሰኞዋን መልእክት ጀምሩልን፤ እኛም ስንመለስ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጽፈን እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
አዲስ አበባ